የእትዬ የቅርንፉድ ዶቃ

በእናቴ ወገን ሴት ልጅ ስትዳር ወርቅ ሊጠፋ ይችላል፤ የቅመም ዶቃ ግን አይጠፋም። ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ አብሮ ይወቀጣል፣ ከጥቂት ፉርኖ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በሙጫ ውኃ ይታሻል፣ ከዚያ ሊጡ እየተቆነጠረ ሽምብራ የሚያህል ዶቃ ሆኖ ይድቦለቦላል። ዶቃው ደርቆ በክር ሲሰካ ሐብል ይሆናል። ሙሽራዋ ሐብሉን አንገቷ ላይ አድርጋ ከቤቷ ትወጣለች፤ ባሏ ቤት ስትደርስ ክሩን በጥሳ ለአማቷና ለባሏ ዘመዶች አንዳንድ ዶቃ ታድላለች። እነሱም ልብስ ሳጥናቸው ውስጥ ያኖሩታል። ይህን ወግ ሌላ ሰው ቤት አይቼው አላውቅም። እናቴ ከጎንደር ይዘነው የመጣነው ነው ትላለች፤ ከጎንደር የመጡት ጎረቤቶቻችን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተንም አናውቅ ይላሉ። እናቴ ታዲያ "እነሱ ምን ያውቃሉ!" ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

ቤታችን መርካቶ ነበር፣ ከጭድ ተራ ጀርባ። ጠዋት ጠዋት የጭድ ጭነት ሲራገፍ ብናኙ በፀሐይ ውስጥ እየተንሳፈፈ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል። እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ እሱን ሳይ እውላለሁ። ብናኙ ወርቃማ ነበር፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መሬት መንካት የረሳ ይመስላል። የአህያውም ጩኸት፣ የተሸካሚውም "ዞር በሉ!" ከሩቅ ከውኃ ሥር እንደሚሰማ ሆኖ ነበር የሚደርሰኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ ዓይኗን ገልጣ ታልማለች" ትል ነበር። አልዋሸችም። ዛሬም ያው ነኝ፤ ስንት ወጥ እያሳረርኩ እዚህ ደረስኩ።

የእናቴ ታናሽ እህት ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ እትዬ እላታለሁ። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ፊቴን አንገቷ ሥር ቀብሬ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የመጀመሪያ እጮኛዋ ወደ ሰሜን ዘምቶ ቀርቷል፤ ሞቷል የሚል ወረቀትም አልመጣ፣ አለሁ የሚል ደብዳቤም አልመጣ። አምስት ዓመት ጠበቀችው። በዚያ ዘመን እንዲህ የምትጠብቅ ሴት በየግቢው ነበረች። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እምቢ ስትል ጊዜ ጎረቤቱ "ቆሞ ቀር" ይላት ጀመር፤ እሷ ደግሞ እየሰማች እንዳልሰማች ልብሷን ታጥባለች።

በመጨረሻ አንድ የጅማ ልብስ ሰፊ መጣ። ሶማሌ ተራ ጨርቅና ክር ሊገዛ ሲመላለስ አይቷት ኖሮ ሽማግሌ ላከ። እትዬ ሁለት ቀን አሰበችበትና እሺ አለች። ሠርጉ በወሩ ሆነ። ቤቱ ሁሉ ሲደሰት እኔ ግን አሥር ዓመቴ ነበርና የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልጋው ሊሰፋብኝ ነው።

ቅርንፉድ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም። እናቴ ሶማሌ ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳርሳ አንድ ነጋዴ ከመደርደሪያው ሥር ትንሽ ከረጢት አወጣላት። "እመቤቴ፣ ያለኝ ይቺው ናት፤ ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚገባ እግዜር ይወቅ" አላት። ፉርኖ ዱቄቱን ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ከምናገኘው ላይ ቆጥባ አስቀምጣ ነበር። ሙጫውም ተገኘ። የቀረው መውቀጡ ነው፤ መውቀጥ ደግሞ በወጋችን የቤቱ ትንሿ ሴት ሥራ ነው። እናቴ ቅመሙን የያዘውን ቆርቆሮ አስታቅፋኝ "በሙቀጫ ብቻ ነው የሚወቀጠው" አለችኝ። "ወፍጮ ሽታውን ይበላዋል። ሰማሽ?"

ሰማሁ። ግን በልቤ ሌላ ሒሳብ እሠራ ነበር። ቅመሙ ካልተወቀጠ ሊጥ የለም፤ ሊጥ ከሌለ ዶቃ የለም፤ ዶቃ ከሌለ ደግሞ ሙሽራ ከቤት አትወጣም። የአሥር ዓመት ልጅ ሒሳብ ነው፤ ለእኔ ግን እንከን አልነበረውም። ስለዚህ በዘነዘናው ሁለት ጊዜ መትቼ ጭዱ ሲበር አያለሁ። ደግሞ አንዴ መትቼ የቀረፋውን ስንጥር አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከሙቀጫው የሚወጣው ሽታ ይዞኝ ይሄዳል፤ የት እንደሚወስደኝ አላውቅም፣ እትዬ ግን ሁልጊዜ እዚያ አለች።

እናቴ በአጠገቤ ስታልፍ "ደረሰልሽ?" ትለኛለች።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እማዬ።"

"ያንቺ እንቁላል ሳይሄድ ሠርጉ ያልቃል!"

እንዲህ እያልኩ አምስት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ እናቴ መጣችና ቆርቆሮውን ከፍታ አየች። ከግማሽ በላይ ቅርንፉዱ ከነጭንቅላቱ ነበር። አልጮኸችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። "ነገ ጠዋት እኔና እትዬሽ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለብን። ተመልሰን እናቦካለን። ካልጨረስሽ የጎረቤቷ ልጅ ትወቅጠዋለች፤ እሷ ቀልጣፋ ናት" አለችኝ።

የጎረቤቷ ልጅ! ከእኔ በአንድ ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ሁሉን ነገር ፈጥና የምትሠራ፣ ሠርታም እንደ ጨረሰች ሰው እስኪያያት የምትቆም ልጅ ነበረች። የእሷ እጅ የነካው ነገር የእትዬ አንገት ላይ ሊውል! ሒሳቤ ሁሉ ጠፋብኝ። በማግስቱ እናቴና እትዬ እንደ ወጡ ሙቀጫው ላይ ተደፋሁ። መዳፌ ውኃ እስኪቋጥር ወቀጥኩ። ቅርንፉድ ግን ለቸኮለ ሰው አይደቅም፤ ከዘነዘናው ሥር እየዘለለ መሬት ይወርዳል፣ እሱን ስለቅም ሌላው ይዘላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነበርኩ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጊዜ ቆርቆሮውን ታቅፌ ወደ በርበሬ ተራ ሮጥኩ።

ወፍጮ ቤቱ ከሩቅ ያስነጥሳል። ግድግዳው ቀይ፣ ጣሪያው ቀይ፣ የባለወፍጮው ሽፋሽፍት ሳይቀር ቀይ ነበር። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ተራ ይጠብቃሉ። ሰውዬው ቆርቆሮዬን አየና "ምንድን ነው?" አለኝ።

"ቅመም ነው፣ ጋሼ።"

"የምን ቅመም? ዛሬ በርበሬ ብቻ ነው የምፈጨው። ሌላ ነገር ከሆነ ድንጋዩን በበቆሎ ማጽዳት አለብኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነይ።" ከዚያ ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ። "ለመከለሻ ከሆነ ግን አሁኑኑ አደርግልሻለሁ። ያም ለወጥ፣ ይሄም ለወጥ፤ በርበሬ ቢነካው ምን ይለዋል?"

"ለመከለሻ ነው" አልኩ።

እያስነጠስኩ ነው የዋሸሁት። ጥርጊያ ለማታህል ቅመም ምን አስከፍልሻለሁ ብሎ ቆርቆሮዬን ልም በሆነ ቡናማ ዱቄት ሞልቶ መለሰልኝ። ቀረፋው ራሱ ቀላ ያለ ስለሆነ መልኩ ምንም አይልም። አሸተትኩት፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ቅርንፉድም ሲሸቱት አፍንጫ ይበላ የለም? ምንም አልሆነም አልኩና ቤት ገብቼ በወንፊት ነፋሁት። ሙቀጫውንም የወቀጥኩበት እንዲመስል ዱቄት ነሰነስኩበት። ለክፋት ሲሆን እንቅልፋም አልነበርኩም።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ወለሉ ላይ ሰሌን ዘርግተን ተቀመጥን። ያን ቀን አሁንም ድረስ አየዋለሁ። ቆርቆሮ ጣሪያችን በየሚስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል፤ የብርሃኑ ነጠብጣብ በቀስታ ሰሌኑን አቋርጦ ሊጡ ላይ ይወጣል፣ ከሊጡ ወደ እትዬ ክንድ፣ ከክንዷ ወደ ግድግዳው። ማቦካት የእናቴ ተራ ነበር፤ ግን ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቢላ ቆርጧት በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ስለዚህ ሙሽራዋ ራሷ አቦካችው። እናቴ የስንዴ ገለባ በልክ በልኩ ትቆርጣለች፤ ገለባው እርጥቡ ዶቃ መሐል ተሰክቶ ስለሚደርቅ ነው የክሩ ቀዳዳ የሚወጣው። ከጭድ ተራ ጀርባ እየኖርን ገለባ አልቸገረንም።

እትዬ እጇን ሊጡ ውስጥ አስገብታ ጥቂት አሸች። ከዚያ ቆም አለች። መዳፏን ገልብጣ አየችው፣ አሸተተችው። ቀና ብላ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ረጅም ጊዜ መሰለኝ። እኔ የብርሃኑን ነጠብጣብ መቁጠር ጀመርኩ።

"ምነው?" አለቻት እናቴ።

"ምንም። ደህና ቅርንፉድ ነው" አለችና ማሸቷን ቀጠለች።

ማድቦልቦል ሲጀመር እጄን ብዘረጋ መለሰችኝ። "አንቺ አትንኪ። ገለባውን ብቻ አቀብዪኝ።" ከፋኝ። ይህን ያህል ለፍቼ! እናቴም ተገርማ "አንድ እንኳ ታድቦልብል እንጂ፤ ወግ እኮ ነው" አለቻት። እትዬ እሺ አለች፤ ግን መጀመሪያ መዳፌን በቅቤ ዳበሰችው፤ ጣቶቼን አንድ ባንድ፣ እስከ አንጓዬ። ከዚያ ቁራጭ ሊጥ ሰጠችኝ። ዶቃዬ ጠማማ ሆነች፤ ባንድ በኩል ያበጠች፣ ባንድ በኩል የጠፈጠፈች። እትዬ አልጣለቻትም፤ "ይቺ የመሐሉ ናት" ብላ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ወዲያው ውጭ አውጥታ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠበችኝና "ዓይንሽን እንዳትነኪ" አለችኝ። ለፍቅር ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ዶቃው በሰፌድ ተደርጎ ቁም ሳጥኑ ላይ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። ፀሐይ አይመታውም፤ ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል፣ ሽታውም ይሄዳል። ያን ሳምንት ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ሽታው ከግድግዳው፣ ከትራሱ፣ ከምንጠጣው ውኃ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ ጆንያ የተሸከመ ሰው ደጃፋችን ላይ ቆሞ "እማማ፣ የምን ቤት ነው ይሄ?" ብሎ ጠይቆ፣ ሸክሙን ሳያወርድ ጥቂት ቆሞ አሽትቶ ሄደ። እኔ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ቤቱ ከነጭዱ ከነአህያው ከመሬት ተነስቶ ሲሄድ ይታየኛል። እትዬ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስታጣጥፍ እንኳ እያየሁ፣ የምትሄድ አይመስለኝም ነበር።

በአራተኛው ቀን በርጩማ ላይ ወጣሁና አንዷን ዶቃ አንስቼ ምላሴ ላይ አደረግኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ከእትዬ የሆነ ነገር ለራሴ ማስቀረት ፈልጌ ይሆናል። ቅርንፉድ ምላስ ያደነዝዛል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ያቺ ዶቃ ግን አነደደችኝ። እንባዬ መጣ። በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ቀዩ ግድግዳ፣ ቀዩ ሽፋሽፍት፣ "በርበሬ ቢነካው ምን ይለዋል" ያለው ድምፅ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተመለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ማለም ቀረ። ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ሌላ ቅርንፉድ ደግሞ በአገሩ የለም። እትዬ ያን ሐብል አድርጋ ቀኑን ሙሉ በሰው ፊት ልትቀመጥ ነው። አንገቷ ሊቃጠል ነው። ጅማ ስትደርስም አምስት ዓመት ጠብቃ ያገኘቻት አማቷ እጅ ላይ በርበሬ ልታስቀምጥ ነው። ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄድኩ።

"እትዬ።"

"ወይ።"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ደግ" ትላለች፤ ሥራዋን ትቀጥላለች። እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሰበብ አልፈልግም። ፈሪ ነበርኩ።

ሰዓት እላፊ ስላለ ሠርግ ያኔ በቀን ነበር የሚያልቀው። ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጣለ፤ ላዩ ሸራ ስለነበር ከቀትር በኋላ ውስጡ እንደ ምድጃ ጋለ። እትዬ ነጭ ለብሳ፣ ሐብሏን አድርጋ ተቀምጣለች። ሽታው ዳሱን ሞላው፤ ሰው ሁሉ እያሸተተ ያደንቃል። እኔ እግሯ ሥር ሆኜ አንገቷን ብቻ ነው የማየው። ላቡ ሲመጣ ከሐብሉ ሥር ቀይ መስመር ወጣ። መስመሩ ሰፋ። ከዚያ ዓይኗ ሞላና እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ አንዴ ከጀመረ አላቆመም።

ባልቴቶቹ ደስ አላቸው። "አልቅሺ ልጄ፣ ወግ ነው!" አሉ። "የእናት የእህት ፍቅር እንዴት ይቻላል!" እናቴ እሷን አይታ አለቀሰች፤ እናቴን አይተው ሌሎቹ አለቀሱ። በዚያ ሁሉ መሐል እትዬ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ "ነጠላዬን ከሐብሉ ሥር አስገቢልኝ" አለችኝ። ሳስገባላት ጣቴ ቆዳዋን ነካ፤ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ይፋጅ ነበር።

"ያምሻል እትዬ?" አልኳት። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ዝም አይነቅዝም" አለችኝና እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ የሙሽሮቹ መኪና ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ይዛቸው ሄደች። የጭዱ ብናኝ ከኋላዋ ተነስቶ ቶሎ አልወረደም። አልጋው ሰፋ። ትራሱ ላይ ሽታዋ ብዙ ቀን ቆየ፤ እናቴ የትራስ ልብሱን ልታጥብ ስትል አልቅሼ አስጣልኳት። ያን እንባዋን ደግሞ ለረጅም ጊዜ በልቤ ለሁለት ስከፍለው ኖርኩ፤ ግማሹ የበርበሬው ነው፣ ለዚያ ተጠያቂ እኔ ነኝ፤ ግማሹ ግን ከእኔ መለየቱ አስለቅሷት ነው። በዚያኛው ግማሽ ነበር የምጽናናው።

ከጅማ የመጣ ሰው አንድ ጊዜ የአማቷን መልእክት አደረሰ። "የእናንተ ዶቃ ተአምር ነው፤ ከገባ ጀምሮ ሳጥኔን ብል ደፍሮት አያውቅም" ብላለች። እናቴ በኩራት "ወጋችን ነው" አለች። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፤ ማንም ምን እንዳሳቀኝ አላወቀም።

ዓመታት አለፉና ተራው የእኔ ሆነ። እናቴ ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟት ስለነበር ሊጤን ልታቦካ እትዬ ከጅማ መጣች። ወፈር ብላለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ያው ሰሌን ላይ ተቀመጥን። የሚስማሩ ቀዳዳ እንደ ድሮው ብርሃኑን ያንጠባጥባል። እጇን ሊጡ ውስጥ ስታስገባ ሳይ መታገሥ አቃተኝ።

"እትዬ፣ ያንቺን ቅመም በርበሬ ወፍጮ ነው ያስፈጨሁት።"

እጇን እንኳ አላቆመችም። "እኔ አይደለሁም እንዴ ያቦካሁት? እጄ ሦስት ቀን ሲነድ ከርሞ የማላውቅ መሰለሽ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሌላ ቅርንፉድ ከየት ይመጣል? እናትሽም ትገርፍሽ ነበር። የመጨረሻ ሳምንታችንን ስታለቅሺ ልየው?" ከዚያ ሳቀች። "ደሞ ለእኔም በጀኝ። ለቅሶ እምቢ ብሎኝ ነበር።"

"እንዴት እምቢ አለሽ?"

"ደስ ብሎኝ ነበራ! አምስት ዓመት ሙሉ በር በር እያየሁ ኖሬ፣ መውጣቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ባልቴት ዓይን ዓይኔን እያየ ሙሽራዋ ዓይኗ ደረቅ ነው ሊል ሲል ያንቺ በርበሬ ደረሰልኝ።"

ልስቅ ፈለግሁ፤ ግን ከፋኝ። በሃያ ዓመቴ እንደ ሕፃን ከፋኝ። ግማሹ የእኔ ነው ብዬ ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩት እንባ አንዱም የእኔ አልነበረም። ፊቴን ወደ ጭድ ተራው በር አዞርኩ። እትዬ ሊጡን ማሸቷን ቀጠለች።

"ላንቺ ያለቀስኩት ጅማ ገብቼ ነው" አለችኝ። "ሐብሉን በጥሼ ለሁሉም ሳድል ያቺ ጠማማ ዶቃሽ እጄ ላይ ቀረች። ለማንም አልሰጠኋትም። ጓዳ ገባሁና ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ያለ በርበሬ።"

ከዚያ ሊጡ ሳይደርቅ ብላ እጄን ሳብ አድርጋ መዳፌን በቅቤ ትዳብስ ጀመር።